ሉዊ ፓስተርና የእርሾ ምሥጢር

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ



በአገራችን እርሾን የማያውቅ ቤት አለ ለማለት ያስቸግራል። እናቶቻችን የጤፍ ዱቄት በውሃ ለውሰው፥ ካለፈው ሊጥ የተረፈውን እርሾ ጨምረው ያቦካሉ። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ አብሲት ይጣልበታል፤ ኩፍ ሲልም ይጋገራል። ማር በውሃ ተበርዞ ጌሾ ሲገባበት ጠጅ ይሆናል፤ ገብሱም ከብቅልና ከጌሾ ጋር ተጠምቆ ጠላ ይወጣዋል። ይህ ሁሉ ጥበብ ከአያቶቻችን የወረስነው ነው። ነገር ግን በዓለም ሁሉ ለብዙ ዘመን ሥራው ይታወቅ ነበር እንጂ ሠራተኛው አይታወቅም ነበር። በጋኑና በቡሃቃው ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ የሚደክመው ማን ነው? ለሚለው ጥያቄ መልስ ለማግኘት ብዙ ከደከሙት ሊቃውንት አንዱ ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ነው።

እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በሥነ ሕይወት ትምህርታችን አንድ ሴል ዲ ኤን ኤውን እንዴት ለክቶ እንደሚያባዛ ስንማር፥ የእርሾ ስም ደጋግሞ ተነሣ። የዛሬው ዘመን ሊቃውንት ይህን ረቂቅ ምሥጢር ያገኙት ከዚህችው ከእርሾ መሆኑን ስንሰማ ብዙዎቻችን ተገረምን። ስለዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ የፓስተርን ሕይወት፥ ቀጥሎም ከእርሱ ወዲህ እርሾ ያስተማረችንን ለመጻፍ አሰብሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር የሆነውን ግን በቦታው እገልጻለሁ።

ልደቱና ትምህርቱ

ሉዊ ፓስተር በዲሴምበር 27 ቀን 1822 ዓ.ም. በምሥራቅ ፈረንሳይ ዶል በምትባል ከተማ ተወለደ። ያደገው ግን አርቧ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ በናፖሌዎን ጦር ውስጥ ያገለገለ ወታደር ነበረ፤ ከጦሩ ከተሰናበተ በኋላ ግን ቆዳ እየፋቀ ቤተሰቡን ያስተዳድር ነበር። እዚህ ላይ አንባቢ ጥቂት ቆም ብሎ እንዲያስብ እለምናለሁ። በአገራችን ቆዳ ፋቂ፥ ብረት ቀጥቃጭና ሸማኔ በሙያቸው ይሰደቡ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕይወት ያተረፈው ሊቅ የወጣው ከእንዲህ ካለው ቤት ነው።

ፓስተር በልጅነቱ እጅግ የላቀ ተማሪ አልነበረም። ይልቁንስ ሥዕል ይወድ ነበር፤ የወላጆቹንና የጎረቤቶቹን መልክ በቀለም ይሥል ነበር። በ1838 ዓ.ም. ገና 15 ዓመቱ ሳለ ለትምህርት ወደ ፓሪስ ተላከ፤ ነገር ግን የአገሩ ናፍቆት ስለ ጸናበት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አባቱ መጥቶ ወደ ቤቱ መለሰው። በ1842 ዓ.ም. የሳይንስ ፈተናውን ሲያልፍ የኬሚስትሪ ውጤቱ መካከለኛ ነበር። በዚያው ዓመት ኤኮል ኖርማል ወደሚባለው ወደ ታላቁ የፓሪስ ትምህርት ቤት ለመግባት ተፈትኖ አለፈ፤ ነገር ግን ደረጃው ዝቅ ያለ ስለሆነበት ልቡ አልረካም። ቦታውን ትቶ አንድ ዓመት ሙሉ አጥንቶ እንደ ገና ተፈተነና በ1843 ዓ.ም. በተሻለ ደረጃ ገባ። በዚህ ዓመት በፈተና ውጤታቸው ልባቸው ያዘነ ጓደኞቼ ይህን ታሪክ ቢያስታውሱት ይበጃቸዋል።

የመጀመሪያ ዝናውን ያገኘው በ1848 ዓ.ም. ነው። ከወይን ጠጅ በርሜል የሚገኝ ታርታሪክ አሲድ የሚባል ነገር አለ። ፓስተር የዚህን አሲድ ጨው እየመረመረ ሳለ ክሪስታሎቹ ሁለት ዓይነት ሆነው አገኛቸው፤ አንደኛው ለሌላው እንደ ቀኝ እጅና እንደ ግራ እጅ ነበረ፤ ይመሳሰላሉ፥ ነገር ግን አንዱ በአንዱ ላይ አይገጥምም። እየተመለከተ አንድ በአንድ በእጁ ለያቸው። ብርሃን ሲያሳልፍባቸው አንደኛው ወደ ቀኝ፥ ሁለተኛው ወደ ግራ ያጣምሙት ነበር። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 25 ዓመት ብቻ ነበር። ሕይወት ያላቸው ነገሮች ከሁለቱ አንዱን መርጠው እንደሚሠሩ ቆይቶ ስለ ተረዳ፥ ከኬሚስትሪ ወደ ሕይወት ጥናት የወሰደው መንገድ ይኸው ሆነ። በ1849 ዓ.ም. ማሪ ሎራንን አገባ፤ እርሷም እስከ ዕለተ ሞቱ ጽሑፉን በመጻፍና በሐሳብ በመርዳት የሥራው ተካፋይ ነበረች።

በበርሜሉ ውስጥ ያለው ሠራተኛ

በ1854 ዓ.ም. ፓስተር በሰሜን ፈረንሳይ በሊል ከተማ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን ሆኖ ተሾመ። በ1856 ዓ.ም. ከስኳር ቀይ ሥር አልኮል የሚያወጣ አንድ ባለ ፋብሪካ በርሜሎቹ እየኮመጠጡ ስላስቸገሩት የፓስተርን እርዳታ ለመነ። ፓስተርም እኔ ዲን ነኝ ሳይል ወደ ፋብሪካው ወርዶ ከበርሜሎቹ እየቀዳ በማይክሮስኮፕ ተመለከተ። በደህናው በርሜል ውስጥ ክብ ክብ የሆኑ እርሾዎች እምቡጥ እያወጡ ሲባዙ አየ፤ በተበላሸው ውስጥ ግን ከእርሾ እጅግ ያነሱ ሌሎች ፍጥረቶች ነበሩ። እነዚህም ስኳሩን ወደ አልኮል ሳይሆን ወተትን ወደሚያኮመጥጠው ላክቲክ አሲድ የሚለውጡ ናቸው። በእንጀራ ሊጣችን ውስጥ እርሾና እነዚህን የመሰሉ ባክቴሪያዎች አብረው ይሠራሉ፤ የእንጀራ ጣዕም ኮምጠጥ የሚለውም በእነዚሁ ባክቴሪያዎች ነው።

በዚያ ዘመን የታወቀው የጀርመን ኬሚስት ሊቢሕ መፍላት ማለት የኬሚካል መበስበስ ነው፥ ሕይወት አያስፈልገውም ብሎ ያስተምር ነበር። ከፓስተር በፊት በ1830ዎቹ ሦስት ሊቃውንት፥ ካኛር ደ ላ ቱር፥ ሽቫንና ኩትሲንግ፥ እርሾ ሕይወት እንዳለው ተናግረው ነበር፤ የሰማቸው ግን ጥቂት ነበረ። ፓስተር በ1857 ዓ.ም. ስለ ላክቲክ አሲድ፥ በ1860 ዓ.ም. ደግሞ ስለ አልኮል ባወጣቸው ጽሑፎች መፍላት የሕያው ፍጥረት ሥራ መሆኑን በሙከራ አሳየ። እርሾ አየር ሲያገኝ አብዝቶ እንደሚራባ፥ አየር ሲያጣ ግን ብዙ ስኳር እያፈላ እንደሚኖርም አስተዋለ። የጠጅ ዕቃ የሚከደነው ያለ ምክንያት አይደለም።

እውነቱን ለመናገር ሊቢሕም ፈጽሞ አልተሳሳተም ነበር። ፓስተር ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1897 ዓ.ም. ጀርመናዊው ቡኽነር እርሾን ፈጭቶ በጨመቀው ሕይወት የሌለው ፈሳሽ ስኳርን አፈላ። የሚያፈላው በሴሉ ውስጥ ያለው ኢንዛይም መሆኑ ታወቀ። ኢንዛይሙን የሚሠራው ግን ሕያው ሴል ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም የእውነትን አንድ አንድ ጫፍ ይዘው ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚህ በኋላ ፓስተር ሕያዋን ነገሮች ከበሰበሰ ነገር በራሳቸው ይፈጠራሉ የሚለውን የቆየ እምነት ተከራከረ። አንገቱ ረጅምና ቆልመም ያለ የብርጭቆ ዕቃ አሠርቶ በውስጡ ሾርባ አፈላ። አየር ይገባል፥ አቧራ ግን በቆልማማው አንገት ይያዛል። ሾርባው ሳይበላሽ ሰነበተ፤ አንገቱ ሲሰበር ግን በጥቂት ቀን ውስጥ ተበላሸ። በ1862 ዓ.ም. የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ስለዚህ ሥራው ሸለመው። ወይን ጠጅን በልኩ በማሞቅ ከመበላሸት የማዳንን ዘዴም ያወጣው በእነዚያው ዓመታት ነው። ዛሬ ከኦሎምፒያ ሱቆች የምንገዛው ወተት ላይ ፓስቸራይዝድ የሚል ቃል ስናነብ የዚህን ሰው ስም ማንበባችን ነው።

ኀዘኑና ሕመሙ

ዝናው እያደገ ሲሄድ ቤቱ ግን በኀዘን ተሞላ። ከአምስት ልጆቹ ሦስቱ በልጅነታቸው ሞቱበት። ታላቂቱ ዣን በ1859 ዓ.ም. በአንጀት ተስቦ ሞተች፤ በ1865 ዓ.ም. ሁለት ዓመት የሆናት ካሚይ፥ በ1866 ዓ.ም. ደግሞ የ12 ዓመቷ ሴሲል ተከተሉ። ሴሲልን የወሰዳትም ያው ተስቦ ነበር። በ1868 ዓ.ም. ፓስተር ራሱ በ45 ዓመቱ ደም አንጎሉ ውስጥ ፈስሶ የግራ ጎኑ ሰለለ። ሰዎች ሥራው አለቀ አሉ። እርሱ ግን ከዚያ በፊት ጀምሮት የነበረውን የሐር ትል በሽታ ጥናት እየተደገፈ ቀጠለ። በዓለም የተነገሩለት ታላላቅ ሥራዎች የተሠሩት አንድ ጎኑ ከደከመ በኋላ መሆኑን ልብ በሉ።

ክትባት

እንግሊዛዊው ጄነር በ1796 ዓ.ም. የላም ፈንጣጣ ከሰው ፈንጣጣ እንደሚያድን አሳይቶ ነበር። ፓስተር ይህን ነገር ለሌሎችም በሽታዎች ለማዋል ተነሣ። በ1879 ዓ.ም. የቆየ የዶሮ ኮሌራ ጀርም ለዶሮዎች ሲሰጥ አልሞቱም፤ ኋላም አዲሱና ብርቱው ሲሰጣቸው ቻሉት። በ1881 ዓ.ም. በፑዪ ለ ፎር በሕዝብ ፊት ትልቅ ፈተና ተደረገ። ግማሾቹ በጎች የአባ ሰንጋን ክትባት አገኙ፥ ግማሾቹ አላገኙም፤ ከዚያም ለሁሉም ብርቱው ጀርም ተሰጠ። የተከተቡት በጎች በሕይወት ቆሙ፤ ያልተከተቡት ግን ሞቱ።

ከሁሉ የሚበልጠው የእብድ ውሻ በሽታ ጉዳይ ነው። የዚህ በሽታ ምልክት አንድ ጊዜ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ፓስተር የበሽታውን ምክንያት በማይክሮስኮፕ ሊያየው አልቻለም፤ ቫይረስ በዚያን ጊዜ መሣሪያ የሚታይ አልነበረምና። ሆኖም ከረዳቱ ከኤሚል ሩ ጋር ሆኖ የታመሙ ጥንቸሎችን የአከርካሪ ሕብለ ሠረሠር በደረቅ አየር እየሰቀለ ኃይሉን ያደክም ነበር። በጁላይ 6 ቀን 1885 ዓ.ም. ዮሴፍ ማይስተር የሚባል የ9 ዓመት ልጅ በእብድ ውሻ ብዙ ቦታ ተነክሶ ከእናቱ ጋር ከአልዛስ መጣ። ፓስተር ሐኪም አልነበረም፤ በሕግም መርፌ ሊወጋ አይችልም። ክትባቱ ራሱ ልጁን ቢገድለው ምን ይሆናል? ዝም ቢልስ ልጁ ቢሞት? በመጨረሻ ሐኪሙ ግራንሼ መርፌውን ወጋው፤ በ10 ቀን ያህል ውስጥ 13 ጊዜ፥ ከደካማው እየጀመረ ወደ ብርቱው። ልጁም ዳነ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን የ10 ዓመት ልጅ የሆነች አንዲት ሕፃን ከተነከሰች ከ37 ቀን በኋላ መጣች፤ ክትባቱ ዘግይቶባት ሞተች። ይህን የምጽፈው በአዲስ አበባ መንገዶችም ባለቤት የሌላቸው ውሾች ስለማይጠፉ ነው። በውሻ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በብዙ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጸሎቱም ምክሩም አይከለከልም፤ መርፌው ግን አይቆይ።

በኖቬምበር 1888 ዓ.ም. ከብዙ አገሮች በተዋጣ ገንዘብ የፓስተር ኢንስቲትዩት በፓሪስ ተመረቀ። በዚያው ዘመን በአገራችን የከብት እልቂት ገብቶ የክፉ ቀን ረኃብ ጀምሮ ነበር። ፓስተር በሴፕቴምበር 28 ቀን 1895 ዓ.ም. ዐረፈ። በእኛ አቆጣጠር የ1888 ዓ.ም. መስከረም መሆኑ ነው፤ ምኒልክ የክተት አዋጅ ያስነገሩበትና የዐድዋ ድል የተገኘበት ዓመት።

ስለ ማስታወሻ ደብተሮቹ

የታላቅ ሰውን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ምስጋናውን ብቻ ቢጽፍ እውነቱን ያጎድላል። ፓስተር የሙከራ ደብተሮቹን ለማንም እንዳያሳዩ ቤተሰቡን ተናዝዞ ነበር። የልጅ ልጁ ግን በ1964 ዓ.ም. ለፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሰጣቸው። አሜሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ጄራልድ ጋይሰን በ1995 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ ደብተሮቹና ለሕዝብ የተነገረው ነገር በአንዳንድ ቦታ እንደማይስማሙ አሳየ። የአባ ሰንጋው ክትባት ሰው እንዲያምን እንደ ተደረገው በአየር የደከመ ሳይሆን፥ ረዳቱ ሻምበርላን በኬሚካል ያዘጋጀው ነበር። ለዮሴፍ የተሰጠውም የክትባት አሰጣጥ በውሾች ላይ ገና በሚገባ ተፈትኖ አላለቀም ነበር። የእነ ዮሴፍ መዳን አይካድም፤ ነገር ግን ሳይንስ የሚቆመው በሰው ስም ሳይሆን በግልጽ በተጻፈ ማስረጃ እንደሆነ ከዚህ እንማራለን።

ከፓስተር በኋላ እርሾ ያስተማረችን

ፓስተር እርሾ እምቡጥ ስታወጣ አየ፤ በእምቡጡ ውስጥ ምን እንደሚገባ ግን አላወቀም። ዲ ኤን ኤን ስዊሳዊው ሚሸር በ1869 ዓ.ም. ከሴል ኒውክሊየስ አግኝቶት ነበር፤ የትውልድ ጽሕፈት መሆኑ የታወቀው ግን ሁሉም ከሞቱ በኋላ ነው። ዛሬ እንደምናውቀው የእርሾ ዲ ኤን ኤ 12 ሚሊዮን ያህል ፊደል አለው፤ በ16 ክሮሞሶሞች ላይ የተከፋፈለ ሆኖ 6000 ያህል ጂኖች ይዟል። ይህ ጽሕፈት በሙሉ የተነበበው በ1996 ዓ.ም. ሲሆን፥ ኒውክሊየስ ካላቸው ፍጥረቶች ሁሉ እርሾ የመጀመሪያዋ ሆነች።

እናት ሴል ለልጇ ይህን ጽሕፈት ስትገለብጥ ሁለት ነገር ልትጠነቀቅ ይገባታል፤ አንድም ገጽ እንዳይቀር፥ አንድም ገጽ ሁለት ጊዜ እንዳይገለበጥ። ግልበጣው የሚጀምረው ከብዙ መቶ ቦታዎች ስለሆነ ነገሩ ቀላል አይደለም። በ1992 ዓ.ም. በአሜሪካ ስቴፈን ቤልና ብሩስ ስቲልማን እነዚህን የመነሻ ቦታዎች የሚይዝ፥ ከስድስት ፕሮቲኖች የተሠራ አካል ከእርሾ ውስጥ አገኙ። ከዚያ ወዲህ የታወቀው እንዲህ ነው። ሴሉ ለግልበጣ ሲዘጋጅ ይህ አካል ኤም ሲ ኤም የሚባል የቀለበት ቅርጽ ያለው ፕሮቲን በዲ ኤን ኤው ላይ ያስቀምጣል። ይህ እንደ ፈቃድ ነው። ቀጥሎ ሲ ዲ ኬ የሚባል ኢንዛይም ይነሣና ሥራውን ያስጀምራል፤ በዚያው ጊዜ ደግሞ አዲስ ቀለበት እንዳይቀመጥ ይከለክላል።

ነገሩን በስታዲዮም ብንመስለው ይገባናል። ትኬት የሚሸጠው በሩ ሳይከፈት ነው፤ በሩ ሲከፈት ትኬት መሸጫው ይዘጋል፤ ትኬቱም በበሩ ላይ ይቀደዳል። ስለዚህ ማንም በአንድ ትኬት ሁለት ጊዜ አይገባም። ሲ ዲ ኬ በሩንም ይከፍታል፥ ትኬት መሸጫውንም ይዘጋል።

ይህን ኢንዛይም ለማግኘት መንገድ የጠረገው አሜሪካዊው ሊላንድ ሃርትዌል ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሙቀት ሲጨመርባቸው መከፋፈላቸውን የሚያቆሙ እርሾዎችን ሰበሰበ፤ የእምቡጣቸውን መጠን እያየ ከየትኛው ደረጃ ላይ እንደ ቆሙ ለየ። ዲ ኤን ኤው ሲጎዳ ሴሉ ጉዞውን አቁሞ እንደሚጠግንም አሳየ። እንግሊዛዊው ፖል ነርስ ደግሞ ሌላ ዓይነት እርሾ መረጠ፤ እርሷም በመካከሏ ተሰንጥቃ የምትከፈል ናት። የዚህች እርሾ ስም ፖምቤ ነው፤ በ1893 ዓ.ም. ሊንድነር የሚባል ጀርመናዊ ከምሥራቅ አፍሪካ የማሽላ ጠላ ውስጥ ስላገኛት ጠላ ማለት በሆነው በስዋሂሊ ቃል ተጠራች። እንግዲህ የዓለም ሊቃውንት የሚመራመሩባት እርሾ የጠላችን ዘመድ ናት! በ1987 ዓ.ም. ነርስና ባልደረባው የሰውን ጂን ወስደው በዚህች እርሾ ውስጥ ቢያስገቡት የጎደለውን የእርሾ ጂን ተክቶ ሠራ። ሰውና እርሾ ሴላቸውን የሚቆጣጠሩት በአንድ ዓይነት ቁልፍ መሆኑ ተረጋገጠ። ሃርትዌል፥ ነርስና ቲም ሃንት በ2001 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ካንሰር ማለት ይህ ቁጥጥር የተበላሸበት ሴል ስለሆነ፥ ይህ እውቀት በየሆስፒታሉ ለተኙ ሕሙማን የተስፋ ምንጭ ነው።

ፓስተር በአገራችን

በእኛ አቆጣጠር በ1940ዎቹ በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ ነበር። ኋላ ስሙ እየተለወጠ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይባላል። የእብድ ውሻ ክትባትም ለብዙ ዓመታት በአገራችን በዚሁ ተቋም ይዘጋጅ ነበር። ሰፈሩ ግን እስከ ዛሬ ፓስተር ተብሎ ይጠራል። ከኦሎምፒያና ከካዛንቺስ ተነሥቶ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሁሉ የታክሲውን ረዳት ፓስተር ወራጅ አለ ሲለው፥ የአንድ የቆዳ ፋቂ ልጅ ስም መጥራቱ ነው።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ከዚህ ሕይወት ምን እንያዝ? ፓስተር ታላቁን ነገር የፈለገው በሩቅ አልነበረም፤ በኮመጠጠ በርሜል ውስጥ ነው። በየቤታችን ያለው የእርሾ ቡሃቃ፥ የጠጅ ጋንና የእርጎ ቅል ገና ብዙ ያልተጠየቀ ጥያቄ ይዟል። የሊጣችንን እርሾዎች ስማቸውንና ጠባያቸውን ለይቶ የሚመረምር የኢትዮጵያ ልጅ ከእኛው መካከል እንዲነሣ እመኛለሁ። ወላጆችም ልጃቸው ሊጡ ስለ ምን ኩፍ ይላል? ብሎ ቢጠይቅ ዝም በል ከማለት ይልቅ እንዲመለከት ቢፈቅዱለት አገር ይጠቀማል። መምህራኖቻችንም ማይክሮስኮፑን ከሣጥኑ አውጥተው ጠብታ እርሾ እንድናይበት ስላደረጉን ምስጋናችን የላቀ ነው።